ዘግይቶ የመጣው ዕድል ለማን መጣ? «ድሪሚን ዋይልድ»ን ለነቀፈ ጽሑፍ የቀረበ ምላሽ

ቢል ፖላድ ጽፎ ስላዘጋጀውና እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2022 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ስለታየው «ድሪሚን ዋይልድ» የተሰኘ የቤተሰብ ድራማ ፊልም የተጻፈ አንድ ሒስ በቅርቡ አንብቤአለሁ። ጽሑፉ ተጠንቅቆ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ፊልሙን በጥሞና እንዳዩት ያስታውቃል። ነቀፌታዎቻቸው ሲጠቃለሉ ሰባት ናቸው። ፊልሙ ግጭት የለውም ይላሉ፤ የቤተሰቡን መሬት ያጠፋውን አባት ያሞግሳል ይላሉ፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ውለታ ቢስ ነው ይላሉ፤ ያለፈውንና የአሁኑን ጊዜ እያደባለቀ ተመልካቹን ግራ ያጋባል ይላሉ፤ ተሰጥኦ ያለው ሰው አንድ ቀን መገኘቱ አይቀርም የሚል የሐሰት ተስፋ ይሰብካል ይላሉ፤ የዶኒን ሚስት ጥላ አድርጎ ትቷታል ይላሉ፤ በመጨረሻም ይህ ሁሉ የተደከመለት ሙዚቃ ተራ ነው ብለው ይዘጋሉ። በአንዱ ነጥብ ከእርሳቸው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ በሌሎቹ ግን፣ በተለይ በሁለተኛውና በሦስተኛው፣ የፊልሙ ልብ ያለበትን ቦታ እንደ ጉድለት የቆጠሩት ስለሚመስለኝ ይህን ምላሽ ጽፌአለሁ።

ፊልሙን ላላዩ ሰዎች ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ዶኒና ጆ ኤመርሰን በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት ሰሜን ምሥራቅ፣ ፍሩትላንድ በምትባል የገጠር መንደር ያደጉ የእውነት ሰዎች፣ የገበሬ ልጆች ናቸው። አባታቸው የገዛው ትራክተር ሬዲዮ ስለነበረው ዶኒ እያረሰ የሚውለው ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃና የፖፕ ዘፈኖችን እያዳመጠ ነበር። ልጆቹ የራሳቸውን ዘፈን መድረስ ሲጀምሩ አባት ዶን ኤመርሰን በእርሻው ላይ ስቱዲዮ ሠራላቸው፤ ወንድማማቾቹም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ በ1979፣ ፊልሙ ስሙን የወሰደበትን አልበም ቀርፀው በቤተሰቡ ወጪ በሸክላ አሳተሙ። ገዢ ግን አልተገኘም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ፣ በ2008፣ አንድ ሸክላ ሰብሳቢ አልበሙን በስፖካን ከተማ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በአምስት ዶላር ገዛው፤ ከእርሱም ወደ ሌሎች ሰብሳቢዎች ጆሮ ደረሰ፤ በ2012 «ላይት ኢን ዘ አቲክ» የተባለው የሲያትል አሳታሚ እንደገና አወጣው። ፊልሙ በዋነኛነት የሚተርከው ይህ ዜና ቤተሰቡ ዘንድ ከደረሰ በኋላ የሆነውን ነው። ጎልማሳውን ዶኒ ኬሲ አፍሌክ፣ ጎልማሳውን ጆ ዋልተን ጎጊንስ፣ አባትየውን ቦ ብሪጅስ፣ የዶኒን ሚስት ናንሲን ዙዊ ዴሻኔል ይጫወታሉ፤ ልጆቹን ዶኒንና ጆን ደግሞ ኖዋ ጁፕና ጃክ ዲላን ግሬዘር።

ግጭት የለም በሚለው ልጀምር። ጸሐፊው አሳታሚው ታማኝ ነው፣ አባትየው አፍቃሪ ነው፣ ወንድምየው ታጋሽ ነው፣ ሚስትየው አስተዋይ ናት፤ ታዲያ ድራማው ከየት ይምጣ ሲሉ ይጠይቃሉ። ያዩት ነገር ትክክል ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ስለ ሙዚቀኞች በሚሠሩ ፊልሞች የለመድናቸው አጭበርባሪ ሥራ አስኪያጅ፣ ሱስና የሆቴል ክፍል ጠብ እዚህ አይገኙም። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ግጭት የለም ማለት፣ ሰው የሚጨነቀው ሲበደል ብቻ ነው እንደ ማለት ይሆናል። የበደለንን ሰው ልንከስሰው፣ ልንሸሸው፣ ይቅር ልንለውም እንችላለን፤ መሬቱን አስይዞ ያመነብንን አባት ግን በምን እንከስሰዋለን? ዶኒ የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው። ሊመልሰው የማይችለውን ያህል ተወድዷል፤ ይህንንም ፍቅር ተቀብሎ ባዶ እጁን የተመለሰው እርሱ ነው። አፍሌክ በእያንዳንዱ የቤተሰብ ማዕድ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጠው፣ ሰዎች ሲያመሰግኑት ዓይኑን የሚያሸሸው በዚህ ምክንያት ነው። ጭቅጭቁ በድምፅ አይሰማም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ጠብ ጮክ ብሎ ቢወጣ ለሁሉም እረፍት በሆነ ነበር።

አባትየውን የሚመለከተው ነቀፌታ ከዚህ ይከብዳል፤ ጸሐፊውም በእርሱ ላይ ብዙ አንቀጽ ማዋላቸው ተገቢ ነበር። ክርክራቸው ይህ ነው፦ ዶን ኤመርሰን መሬቱን አስይዞ ተበደረ፤ ለልጆቹ ሙዚቃ ያወጣው ገንዘብ ወደ 100,000 ዶላር ተጠጋ፤ ከ1,600 ኤከር በላይ የነበረው እርሻም በዓመታት ውስጥ ወደ 65 ኤከር ገደማ ወረደ። እንዲህ ያደረገን አባት እንደ ቅዱስ አድርጎ ማሳየት ኃላፊነት የጎደለውን ውሳኔ ማሞገስ ነው ይላሉ። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ ለገበሬ ደግሞ መሬት ሀብት ብቻ ሳይሆን የሥራ ቦታ፣ መኖሪያና የልጅ ውርስ መሆኑን ጸሐፊው ማስታወሳቸው ትክክል ነው።

ሆኖም ፊልሙ ይህን ኪሳራ ደብቆ ቢሆን ኖሮ ነበር ክሱ የሚጸናው። ፊልሙ ግን አልደበቀውም። የመሬቱ መጥፋት የፊልሙ ዋና ሸክም ሆኖ ከዶኒ ጫንቃ ላይ ሳይወርድ ይዘልቃል፤ ጎልማሳው ዶኒ በልጅነቱ ባረሰው ማሳ አጠገብ ሲያልፍ ያ ማሳ የማን እንደነበረና ለምን እንደሄደ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ፊልሙ ያልፈጸመው አንድ ነገር ቢኖር በአባትየው ላይ ፍርድ መስጠት ነው፤ ያልፈረደውም ፍርዱን የመስጠት መብት ያለው ልጁ ስለሆነ ይመስለኛል። ልጁ ደግሞ በአባቱ ሳይሆን በራሱ ላይ ነው የፈረደው። አባትየው ባወጣው ገንዘብ አይጸጸትም፤ ልጁ ግን ላልተጸጸተው አባት እየተጸጸተ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ጸሐፊው የጠየቁት ሒሳብ ተሠርቷል፤ የተሠራው ግን እርሳቸው በጠበቁት ሰው እጅ አይደለም።

የፖላድን ቀዳሚ ሥራ ማስታወስ ደግሞ እዚህ ላይ ብዙ ይረዳል። በ2014 የቀረበው ፊልሙ ቢች ቦይስ ስለተባለው የአሜሪካ ባንድ መሥራች ስለ ብራያን ዊልሰን ነበር፤ በዚያም ውስጥ ልጁን ሲያንቋሽሽና ሲቆጣጠር የምናየው፣ ስሙ መሪ ዊልሰን የሚባል አባት አለ። ይህ አባት በእውነተኛው ሕይወት በ1969 የልጁን ዘፈኖች የባለቤትነት መብት በ700,000 ዶላር ሸጦበታል። አንዱ አባት መሬቱን ለልጁ ዘፈን ሸጠ፤ ሌላው የልጁን ዘፈን ሸጠ። ሁለቱንም ታሪክ ለሲኒማ ያዘጋጀ ሰው የአባት ፍቅር ያለ ጉዳት ያልፋል ብሎ የሚያምን የዋህ ሊሆን አይችልም። ከመሪ ዊልሰን ቀጥሎ ዶን ኤመርሰንን ማንሣቱ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ጨካኝ አባት ልጁን እንደሚጎዳ እናውቃለን፣ ደግ አባትስ? ቦ ብሪጅስ ይህን ሰው ድምፁን ሳያነሣ ሲጫወተው፣ ደግነቱ ለልጁ እንዴት እንደሚከብድ አንድም ጊዜ እንደማይታወቀው ያሳየናል። ብሪጅስ በ1989 በሌላ ፊልም ከገዛ ወንድሙ ከጄፍ ጋር ፒያኖ የሚጫወቱ ወንድማማቾችን መጫወቱን የሚያስታውስ ተመልካች፣ አሁን በአባት ወንበር ተቀምጦ ሁለት ሙዚቀኛ ልጆቹን ሲያይ ልዩ ስሜት ማግኘቱ አይቀርም፤ ይህ ግን ከክርክሩ ውጭ የሆነ የግሌ ደስታ ነው።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው ዶኒን ውለታ ቢስ ይሉታል። ሠላሳ ዓመት የጠበቀው ነገር በሩ ድረስ መጥቶለት ፊቱን ያጠቁራል፤ ልምምድ ላይ ወንድሙ ጆ ከበሮውን ሲስት ይነጫነጫል፤ በመጨረሻም ምንም ላልበደለው ወንድሙ የማይባል ቃል ይናገራል። ለእንዲህ ያለ ሰው ለምን እንዘን ይላሉ። እኔም ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ በዶኒ ተናድጄ ነበር፤ ስለዚህ ስሜታቸው ይገባኛል። ለሁለተኛ ጊዜ ሳየው ግን ዶኒን ትቼ ጆን ስከታተል ቆየሁ፤ ጎጊንስ በፈገግታና በዝምታ ብቻ የሚጫወተውን ሰው። የዶኒ ቁጣ ከየት እንደሚመጣ የገባኝ ያኔ ነው።

አሳታሚው ይዞት የመጣው ዜና ለዶኒ ምን እንደሚል እንስማ። ዓለም ወደደህ ይለዋል፤ የወደደው ግን በአሥራ ሰባት ዓመትህ አካባቢ የሠራኸውን ነው። ዶኒ ከ1979 በኋላ ሙዚቃን አልተወም። ከሚስቱ ጋር በመጠጥ ቤቶችና በሠርጎች ይጫወታል፤ ገቢው የማያወላዳ ስቱዲዮ አለው፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ዘፈን ሲጽፍ፣ መሣሪያ ሲማር፣ ጆሮውን ሲያሠለጥን ኖሯል። በማንኛውም የሙያ መመዘኛ የዛሬው ዶኒ ከያኔው ልጅ የተሻለ ሙዚቀኛ ነው። ከልጅነቱ በኋላ የጻፋቸውን ዘፈኖች የጠየቀው ግን የለም። የተላከለት ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ስም የእርሱ ነው፤ ተቀባዩ ግን ዛሬ በሕይወት የሌለ ልጅ ነው። ጎልማሳው ሰው የሚጠየቀው ያንን ልጅ መስሎ እንዲቆም፣ የልጁን ግጥም በልጁ ድምፅ እንዲዘፍን ነው። ይህ ክብር ነው፤ ግን ደግሞ ከዚያ ወዲህ የኖርከው ሁሉ አላስፈለገም የሚል ፍርድ በውስጡ አለ። አንድ ሰው ይህን ሰምቶ ሳይደሰት ቢቀር ውለታ ቢስ ነው ለማለት እኔ አልደፍርም።

ጆስ? ጆ በእርሻው ቀረ። ሙዚቃውን ከሞላ ጎደል ተወው፤ ከበሮው ላይ ሲመለስ እጁ ዝጓል። ዶኒ ደግሞ በልምምድ ላይ የሚሰማው የሙያ ሰው ጆሮ ስላለው እያንዳንዱን የዘገየ ምት ይቆጥራል። ጸሐፊው ይህን የጥበበኛ ትዕቢት አድርገው ነው የተረጎሙት። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ከ1979 ሳይለወጥ የቀረው ጆ ብቻ ነው። በዚያው መሬት ላይ ይኖራል፤ ከበሮውንም እንደ ያኔው ልጅ ይመታል፤ በወንድሙ ማመኑም ያው ነው። ሰዎች ከአልበሙ የወደዱት ያልተሞረደውን ልጅነት ከሆነ ደግሞ፣ ያ ልጅነት ዛሬም በእጁ ላይ ያለው ጆ ነው። የሄደው፣ የተለወጠው፣ ሊመለስ ያልቻለው ዶኒ ነው። የጆ ከበሮ በተሳሳተ ቁጥር ለዶኒ የሚያስታውሰው የጆን ድክመት ሳይሆን የራሱን ርቀት ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ ዕዳ አለ። ዶኒ ከአልበሙ በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ የሄደው ብቻውን ነበር፤ ጆ አልተጠራም። የቤተሰቡ ተስፋና ገንዘብ በሁለቱ ወንድማማቾች ስም ተጀምሮ በአንዱ ስም ቀጠለ፤ ሌላው ወደ እርሻው ተመለሰ፤ እርሻውም ከዓመት ዓመት እየጠበበ ሄደ። ጆ ስለዚህ ጉዳይ ቂም ይዞ ቢሆን ኖሮ ዶኒ ይቀለው ነበር። ጆ ግን አልያዘም፤ ዶኒንም የሚያቃጥለው ይህ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው አበዳሪው ባይጠይቀውም እንኳ በመንገድ ሲያየው መንገድ ይቀይራል። ዶኒ መንገድ መቀየር የማይችልበት ቦታ፣ በአንድ ጠባብ የልምምድ ክፍል ውስጥ ከአበዳሪው ጋር ተቀምጧል፤ አበዳሪው ደግሞ ፈገግ እያለ ከበሮ ይመታል። ያ የማይባል ቃል ከአፉ የወጣው ከዚህ ነው። ቃሉ ስሕተት ነው፤ ፊልሙም ስሕተት መሆኑን ያውቃል፤ ዶኒም በኋላ ያውቃል። ነገር ግን ገጸ ባሕርይ ተሳሳተ ማለት ፊልም ተሳሳተ ማለት አይደለም፤ ጸሐፊው እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጠዋቸዋል።

አራተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። ያለፈውና የአሁኑ ጊዜ መደባለቁ ግራ አጋብቷቸዋል። ፖላድ ስለ ብራያን ዊልሰን በሠራው ፊልም አንዱን ሰው ለሁለት ተዋንያን፣ ለፖል ዴኖና ለጆን ኩዛክ፣ ከፍሎ ሰጥቶ ሁለቱን ዘመን ጎን ለጎን አስኬዷል፤ እዚህም የመረጠው መንገድ ከዚያ የተወለደ ነው። ከላይ እንዳልኩት ጉዳዩ ጎልማሳው ከልጁ ጋር ያለው ሒሳብ ከሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ፊልም ውስጥ እየተጠላለፉ መገናኘታቸው የታሪኩ ግዴታ ነው። ታሪኩ ከ1979 ጀምሮ በቅደም ተከተል ቢነገር ኖሮ የምናየው በመጀመሪያ የወደቀ፣ በኋላ የተሳካለት ሙዚቀኛ ታሪክ ይሆን ነበር፤ የሐሰት ተስፋ የሚባለውም ያኔ ነበር የሚመጣው።

የሐሰት ተስፋውን ጉዳይ ጸሐፊው በታላቅ ቅንነት ነው ያነሡት፤ ለአንድ ለተገኘ አልበም ያልተገኙ እልፍ አልበሞች እንዳሉ፣ እንዲህ ያለ ፊልምም ቤታቸው ተቀምጠው የሚጠብቁ ሙዚቀኞችን እንደሚያታልል ይሰጋሉ። እልፍ መሆናቸው እውነት ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ማንም ሰው ገንዘብ ከፍሎ ጥቂት መቶ ወይም ሺህ ሸክላ ማሳተም ይችል ነበር፤ የማያገኘው አከፋፋይ ነው። ሸክላው ታትሞ ይመጣል፤ ሬዲዮ ጣቢያ አያጫውተውም፤ ሱቅ አይቀበለውም፤ ለዘመድና ለጎረቤት ከታደለ በኋላ የተረፈው በካርቶን ይቀመጣል። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚያድኑት እነዚህን በግል የታተሙ ሸክላዎች ነው፤ አብዛኞቹንም ማንም አያገኛቸውም።

ነገር ግን ፊልሙ የሚለው ሌላ ነው። ፊልሙ ትጋት ውጤት ያመጣል ቢል ኖሮ ይዋሽ ነበር፤ በፊልሙ ውስጥ ግን የዶኒ የሠላሳ ዓመት ትጋት ያመጣው ምንም ውጤት የለም፤ ውጤት ያመጣው የማያውቀው ሰው ከአሮጌ ዕቃ መካከል ያወጣው የአምስት ዶላር ሸክላ ነው። ዕድልን ዕድል ብሎ ከዚህ የበለጠ በግልጽ የሚያሳይ ታሪክ ብዙ አላየሁም። ዶኒ ራሱ ይህን ስለሚያውቅ ነው ደስታውን ማመን ያቃተው። ጸሐፊው ሳይነኩት ያለፉት አንድ ተጨማሪ ነገርም አለ፤ ዕድሉ የሚያርፍበት ነገር ያስፈልገው ነበር። ያ ሰብሳቢ ያነሣው ሸክላ እዚያ የተገኘው ዶን ኤመርሰን ተበድሮ ስላሳተመው ነው። በ1979 እንደ ከንቱ ወጪ የተቆጠረው ገንዘብ በ2008 በእጅ የሚያዝ ነገር ሆኖ ቆየ። ይህ አባትየውን ትክክል ነበር አያሰኘውም፤ ወጪው ግን ባዶ አልነበረም።

በሌሎች ሙዚቀኞች ሕይወት የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። የዲትሮይቱ ሲክስቶ ሮድሪገስ በ1970ና በ1971 ያወጣቸው ሁለት አልበሞች በአገሩ ሳይሸጡ ቀርተው እርሱ በጉልበት ሥራ ሲተዳደር፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ግን እርሱ ሳያውቅ ዝነኛ ሆኖ ነበር፤ በ1998 ሄዶ ዘፈነላቸው፤ ስለ እርሱ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም ደግሞ በ2013 ኦስካር አገኘ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ያወጣው ካሴት በ2013 በአሜሪካ ዳግም ሲታተም፣ እርሱ በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እየነዳ በእረፍቱ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። በሁለቱም ሕይወት ውስጥ ለዓመታት ጠብቆ የቆየ ሸክላ ወይም ካሴት አለ። የኃይሉ ታሪክ ለዚህ ክርክር የሚጨምረው ሌላም ነገር አለ፤ እርሱ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም ለማውጣት በቅቷል፤ ማለትም አድማጮቹ የያኔውን ብቻ ሳይሆን የዛሬውን ሰውም ሰምተውታል። የፊልሙ ዶኒ የሚመኘው ይህንን ነው፤ ሕመሙም ይህ እንደሚሆንለት አለማወቁ ነው።

ስለ ናንሲ የተባለውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ እንዲያውም ጸሐፊው ከጻፉት በላይ መሄድ ይቻል ነበር። እርሳቸው ያሉት ናንሲ የምትታየው ባሏን ስታጽናና ብቻ ነው የሚል ነው። ከዚህ የሚከብደው ናንሲ ራሷ ሙዚቀኛ መሆኗ ነው። ማንም በማይሰማቸው ምሽቶች ከዶኒ ጎን ቆማ የተጫወተችው እርሷ ናት፤ የገቢውን ማነስ አብራ የተሸከመችው እርሷ ናት፤ ዕድሉ ሲመጣ ግን የመጣው እርሷ ለሌለችበት አልበም፣ እርሷ ላላየችው ዘመን ነው። ዶኒ ከጆ ጋር መድረክ ላይ ሲወጣ የናንሲና የዶኒ የጋራ ዘፈኖች ይቀመጣሉ። ከዶኒ ሕመም ጋር አንድ ዓይነት ሕመም በእርሷም ቤት አለ ማለት ነው፤ የእርሷ ግን ዘፈን አልወጣለትም። ዴሻኔል በአንዳንድ ትዕይንቶች ፊቷ ላይ ይህን ለማሳየት ስትሞክር አይቻለሁ፤ ጽሕፈተ ተውኔቱ ግን አንድ ሙሉ ትዕይንት ሊሰጣት ይገባ ነበር። ስለ እናትየውም እንዲሁ፤ መሬቱ የእርሷም ነበር፤ በብድሩ ላይ ምን እንደተሰማት መስማት በወደድኩ ነበር። የፊልሙ ሒሳብ በአባትና በወንዶች ልጆች መካከል ብቻ ተሠርቶ መቅረቱ እውነተኛ ጉድለት ነው።

የቀረው የሙዚቃው ጉዳይ ነው። ጸሐፊው አልበሙ ተራ ነው፣ የተወደደውም ብርቅ ስለሆነ ብቻ ነው ይላሉ፤ ስለዚህ ፊልሙ የቆመበት መሠረት ራሱ ባዶ ነው ብለው ይደመድማሉ። የትኛውን ዘፈን ሰምተው እንዲህ እንዳሉ ግን አልጻፉም። ብርቅነት ሰብሳቢን ሊያስደስት ይችላል፤ አልበሙ በ2012 እንደገና ታትሞ ማንም ሊገዛው ከቻለ በኋላ ግን ብርቅነቱ አብቅቷል፤ ሰዎችም መስማታቸውን አላቆሙም። በዚያው ዓመት አሪኤል ፒንክ የተባለው ሙዚቀኛ «ቤቢ» የተሰኘውን ዘፈን በራሱ አልበም ላይ ደግሞ ዘፍኖታል፤ ሙዚቀኛ የሌላውን ዘፈን የሚዘፍነው ሸክላው ውድ ስለሆነ አይደለም።

«ቤቢ»ን እኔ የምሰማው እንዲህ ነው። ዘገምተኛ የሶል ዘፈን ነው፤ ግጥሙ ጥቂት ቃላት ብቻ ነው፤ ልጁ ቃላቱን ከመናገር ይልቅ ወደ ላይኛው ድምፁ እያወጣ ያሟሟቸዋል። ጊታሩን፣ ቤዙንና ኪቦርዱን አብዛኛውን የተጫወተው ዶኒ ራሱ ነው፤ የተቀዳውም ባለ ስምንት መስመር በሆነ የቤት ውስጥ መቅጃ ነው። ከተማ ርቆ፣ ይህን ሙዚቃ ከትራክተር ሬዲዮ ብቻ የተማረ ልጅ የሰማውን ለመምሰል ሲሞክር፣ ሳይመስል ቀርቶ ሌላ ነገር ሲሆን ይሰማል። አንድ በስቱዲዮ የሠለጠነ ሰው ዘፈኑን ዛሬ ቢቀዳው የመጀመሪያ ሥራው የጆን ከበሮ ማስተካከል ይሆን ነበር። ከበሮው ቀላል ነው፤ ምንም ጌጥ የለውም፤ ከድምፁ ሥር ሆኖ ዝም ብሎ ወንድሙን ይሸከማል። ዶኒ በፊልሙ ውስጥ የሚነጫነጭበት እጅ ይኸው እጅ ነው፤ በሸክላው ላይ ግን ሳይስተካከል ቀርቷል።